ለማይመለከተው ሁሉ

በዘጠና አራት ዓ.ም. መቱ ውስጥ የጋሼ ወንድይራድን የእጅ ጽሕፈት ማንበብ የምንችለው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር። አንዱ ራሳቸው ጋሼ ወንድይራድ፣ ሌላዋ እኔ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሳቸው አንዳንዴ የጻፉት ለራሳቸውም ስለሚጠፋባቸው፣ ከሁለታችን አንደኛዋ እኔ ነኝ ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ጋሼ ወንድይራድ ጓሯችን ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ከአባቴ የተከራዩ፣ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ወንደላጤ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ሚስቱ የኮበለለችበት፣ ድንበሩ የተገፋበት፣ በሬው የጠፋበት ሁሉ እሳቸው ፊት ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ እሳቸው ያንን ለቅሶ በካርቦን ሦስት ቅጂ ያወጡታል። ኋላ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ ፊደሉም ቁቤ ሲሆን ጠረጴዛቸውን ተሸክመው ቤታቸው ገቡ። ኦሮምኛውንስ ከእኛም አስበልጠው ይናገሩታል፤ እጃቸው ነው ቁቤን አሻፈረኝ ያለው። ጠዋት ጠዋት የአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ይጠብቃሉ። ከሰዓት በኋላ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጽፋሉ። ምን እንደሚጽፉ ግቢው ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ እናቴ ብትጠይቃቸው «ምንም» ይላሉ፤ ያ ምንም ግን በወር አንድ ደብተር ይጨርስ ነበር።

እኔና ጋሼ ውል ነበረን። እኔ ቁቤ አስተምራቸዋለሁ፣ እሳቸው ፊደል ያስተምሩኛል። ትምህርት ቤት ገና አማርኛ አልጀመርንም። እሳቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ኤክስ «ጠ» ነው ስላቸው፣ ይሄማ አስተማሪ የተሳሳተ መልስ ላይ የሚያደርገው ምልክት ነው፣ እንዴት ፊደል ይሆናል ብለው ተከራከሩኝ። እኔ ግን ገፋሁበት። መማሪያ መጽሐፍ ስላልነበረን የተማርኩት ከድሮ ማመልከቻዎቻቸው ቅጂ ነው። ሌላው ልጅ እናት፣ አባት፣ ላም፣ በግ እያለ ሲጀምር፣ እኔ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክር፣ ኪሳራ እያልኩ ጀመርኩ። ፊደሎቻቸው እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ሐረግ የሚሳቡ ናቸው። ዛሬ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ የሐኪም ጽሕፈት ሲያስቸግር ባልደረቦቼ ለእኔ ያመጡልኛል። ለምን እንደማይከብደኝ ነግሬያቸው አላውቅም።

አባቴ ደቅሲሳ የቸርች ሽማግሌ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ጓሮ ይሄዳል፤ ጋሼ ወንድይራድን ወንጌል ሊመሰክርላቸው። ጋሼ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ልባቸውም ድንጋይ ነው ይላል አባቴ። ስድስት ዓመት በየቅዳሜው ተመስክሮላቸው ፍንክች አላሉም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች የአባቴን ትዕግሥት ለወጣቶች እንደ ምሳሌ ይጠቅሱት ነበር።

ለጋሼ ሳል የሚሆን ማርም አባቴ ሁሩሙ ካለው ወንድሙ ቀፎ በየጊዜው ያስመጣላቸዋል። ጋሼ ሲስሉ ሰምቼ አላውቅም፤ መድኃኒቱ ቢሠራ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጓሮው ውስጥ የሚሰጣው ጌሾም ለዚያው ለሳል ነው ተብዬ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳቅ ይሰማል። አስር ሰዓት ላይ አባቴ መዝሙር ያነሳል፤ በቸርች ከሚዘምረው እጥፍ ድርብ በሆነ ድምፅ። መንፈስ ወረደባቸው እል ነበር። ከዚያ ዓይኑ ቀልቶ፣ የሞላውን የሶር ወንዝ እንደሚሻገር ሰው እግሩን እየመረጠ እያስቀመጠ ይመጣል። እናቴ ዝንጅብል አኝክ ብላ ትሰጠዋለች።

«ዛሬስ ስንት ምዕራፍ ሄዳችሁ?» ትለዋለች።

«አራት።»

«አራት ምዕራፍ ሄደህ በእግርህ ከመጣህ ደህና ነው።»

እናቴ የእግዚአብሔርን ቃል እንደ መንገድ በእርምጃ የምትለካው ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ ማክሰኞ ነው። እናቴ ገበያ ሄዳለች። እኔ ጋሼ ጋ ፊደል እየቆጠርኩ ሳለ ዝናብ መጣ፤ ግቢው ውስጥ ቡና ተሰጥቷል። ጋሼ ሸራ ሊያለብሱ ሲሮጡ ወጡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ትራሳቸው ሥር የወረቀት ጫፍ ታየኝ፤ ሳብኩት።

ፊደል በፊደል ለቀምኩት። ከላይ «ለማይመለከተው ሁሉ» ይላል፤ ይህ አልገባኝም፣ ዘለልኩት። ቀጥሎ ያለውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ከሳሽ፣ ወንድይራድ። ተከሳሽ፣ አቶ ደቅሲሳ።

ተከሳሽ የሚባል ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ከእነዚያ ቅጂዎች ተምሬያለሁ፤ በወህኒ ይታሰራል፣ ኪሳራ ይከፍላል፣ ንብረቱ ይታገዳል። በየቅዳሜው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብላቸውን፣ ማር የሚያመጣላቸውን አባቴን ሊያሳስሩት ነው። ወረቀቱን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ በዝናቡ ወጣሁ።

የሮጥኩት እትዬ ኑኃሚን ዘንድ ነው። እትዬ ኑኃሚን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሴቶች ጸሎት ቡድን መሪም ናቸው። ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ፓስተሩ ራሱ የሚፈራቸው እሳቸውን ብቻ ስለሆነ፣ ዳኛም ይፈራቸዋል ብዬ ገመትኩ። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጉት፣ ገለበጡት፣ በጎን አዩት። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ አሳምረው ያነባሉ፤ የጋሼ ሐረግ ላይ ግን አንድ ፊደል መለየት አቃታቸው። እኔ በጣቴ የአባቴን ስም አሳየኋቸው። እሱን ካሳየኋቸው በኋላ ታያቸው፤ ፊታቸው ተለወጠ።

ክስ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። አልሰሙኝም። ይህ ደብተራ የሚጽፈው ድግምት ነው፣ ሰው ሊያነበው የማይችል ጽሕፈት ደግሞ የሰው አይደለም አሉ። ስድስት ዓመት የተመሰከረለት ሰው ያልተለወጠው ለዚህ ኖሯል፤ ይባስ ብሎ የቸርቹን ሽማግሌ በስሙ አስሮ ትራስ ሥር ያስተኛዋል። እኔ ድግምት ምን እንደሆነ ባላውቅም ከክስ የሚብስ ነገር እንደሆነ ከድምፃቸው ገባኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢያችን ሞላ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ እትዬ ኑኃሚንና የጸሎት ቡድናቸው፣ እንዲሁም ገመቺስ። ገመቺስ የዞኑ ባህል ቢሮ የሚሠራ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ወጣት ነው፤ ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ ተብሎ ነው የመጣው። ፍርዱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ወረቀቱ ድግምት ከሆነ ጋሼ ወንድይራድ በዚያው ቀን ቤቱን ይለቃሉ። አይደለም ካሉ ራሳቸው በሰው ሁሉ ፊት ያንብቡት።

አባቴ ጥግ ላይ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ድግምቱ እየያዘው ነው ብዬ ሄጄ እጁን ያዝኩት። አባቴ ድግምት አልፈራም። እሱ የፈራው ወረቀቱ በስሕተት እንዳይነበብ ሳይሆን በትክክል እንዳይነበብ ነበር፤ ጓደኛው የሚጽፈውን ነገር ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያነብለት ስለኖረ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ከጋሼ ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ አባቴ አንድ ጊዜ አዩ። እኔ ከኋላቸው ድንጋይ ላይ ቆሜ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አያለሁ።

«ለማይመለከተው ሁሉ» ብለው ጀመሩ። «ከሳሽ፣ ወንድይራድ፣ ሥራ ፈት። ተከሳሽ፣ አቶ ደቅሲሳ፣ የቤት አከራይና የቸርች ሽማግሌ። የክሱ ምክንያት፤ ተከሳሽ በየቅዳሜው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ከሳሽ ቤት እየገባ፣ አንደኛ፣ ከሳሽ በስንት ድካም ያዘጋጀውን...» ትንሽ አሳላቸው፤ ሲስሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «...ያዘጋጀውን ጸሎት ብቻውን የሚጨርስ በመሆኑ።»

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ ጸሎት የሚል የለም።

«ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ጎረቤት እስኪሰማ የሚዘምር በመሆኑ። ሦስተኛ፣ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ጎሬ ከተማ ስለሞተችው በቅሎው እያነሳ ለአርባኛ ጊዜ የሚያለቅስ በመሆኑ። አራተኛ፣ የላይ የላዩን ጸሎት እሱ ወስዶ፣ ለከሳሽ...» እዚህ ላይ ቆሙ። ወረቀቱ «አተላውን» ይላል። «ለከሳሽ አሜኑን ብቻ የሚተውለት በመሆኑ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ግን ተናደድኩ። ጋሼ ለአንድ ፊደል ሳይቀር ጣት የሚመቱኝ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አልኩ። «ጠጅ ነው የሚለው። ጸሎት ሦስት ፊደል ነው፣ ይሄ ሁለት ነው።»

ሳቁ ተቋረጠ። እትዬ ኑኃሚን ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ከእኔ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ ወረቀቱ። አባቴ በርጩማው ላይ አንገቱን ደፋ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቺ ልጅ ገና ፊደል አልለየችም» አሉ። «ጠ እና ጸን ታምታታለች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃሉን ደግሞ አሳጥሬ ነው የጻፍኩት፤ በማመልከቻ እንዲህ ይደረጋል።»

እትዬ ኑኃሚን እንዲህ በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። ወረቀቱን ነጥቀው ለገመቺስ ሰጡት፤ አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ይላል አሉት። ገመቺስ ረጅም ጊዜ አየው። ከንፈሩን ነከሰ። አፍንጫው ቀላ።

«ጸሎት ይላል» አለ።

ከዚያ ጋሼ የመጨረሻውን መስመር አነበቡ። «ስለዚህ ተከሳሽ ዕድሜ ልኩን በየቅዳሜው ከሳሽ ቤት እንዲቀርብ ይታዘዝልኝ።» እሱን አልቀየሩትም፤ እንዳለ ነው ያነበቡት። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ ብቻ አለቀስኩ። ዕድሜ ልክ የሚለውን ቃል የማውቀው ከእስራት ጋር ነው፤ ሰው አባቴ ላይ ሲፈረድ እንዴት አሜን ይላል? አንድ ብቸኛ ሰው ጓደኛው እንዳይቀርበት የሚለምንበት መንገድ መሆኑን ለመረዳት፣ እኔም ቅዳሜ የሚመጣልኝ ሰው እስካጣ ድረስ መቆየት ነበረብኝ።

እትዬ ኑኃሚን ፍርዳቸውን ሰጡ። የአቶ ደቅሲሳ ምስክርነት ፍሬ አፍርቷል፤ ሰውየው ጸሎት አነሰኝ ብሎ እስከ መክሰስ ደርሷል። ስለዚህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ የጸሎት ቡድኑ ሙሉ በሙሉ ጋሼ ወንድይራድ ቤት ይሰበሰባል።

ተሰበሰበም። ለሁለት ወር፣ በየቅዳሜው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ሴቶች በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ጸለዩ። ጋሼ መሐላቸው ቆመው እጃቸውን አንስተው ያጨበጭባሉ። የማርያም ማኅበር ጓደኞቻቸው መንገድ ላይ ሲያገኟቸው «ሃሌ ሉያ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ አንዱ ጭራሽ ሰላምታ ነሳቸው። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ መዝሙሩን እያዳመጠ ከሳ። ጠርሙሶቹ የት ተደብቀው እንደከረሙ እስካሁን አላውቅም። እኔ የአባቴን ሐዘን የተረጎምኩት በራሴ መንገድ ነው፤ እሱ ብቻውን ለስድስት ዓመት ያልቻለውን ሴቶቹ በአንድ ቀን ስለቻሉት ቀንቶ ነው አልኩ።

በዚያው ሰሞን ገመቺስ ብቻውን መጣ። ያኔ የጋሼን ጽሕፈት ማንበብ እንደሚችል ታወቀ፤ አያቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩና እንዲህ ዓይነቱን እጅ ያውቀዋል። በረንዳ ላይ ቆሎ ስለቅም ሰማኋቸው። ደብተሮቹን ሁሉ አይቷቸው ኖሮ፣ ሲያወራ ሳቁ ይቀድመዋል። ጋሼ ጉልበታቸውን ከሰው ነበር፤ ደረጃ ላይ ይክደኛል ብለው። ዝናቡን፣ የነጋዴውን አህያ፣ የቡና መጋዘኑን አይጥ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳታገባቸው የቀረች የጎሬ ሴት ትመስክር ብለው ራሳቸውን ከሰዋል። ገመቺስ ይህ መታተም አለበት አለ። የዞኑ በዓል ላይ ይነበባል፣ አዲስ አበባ ውድድር ይላካል፣ ስምዎ ይታወቃል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጥዎታል።

«ስሜን የማያውቅ መቱ ውስጥ ማን አለ?» አሉ ጋሼ። «የምስክር ወረቀትም ይቅርብኝ፤ ምስክር ስጠራ ነው ያረጀሁት።»

ገመቺስ ታዲያ ለምን ይጽፋሉ ብሎ ሙጭጭ አለ።

«ሃያ ሁለት ዓመት የሌላውን ሰው ብሶት ጻፍኩ። ዳኛው አነበበው፣ ፖሊሱ አነበበው፣ የራሴ ብሶት ግን አንድ ወረቀት ላይ አልገባም። አሁን የራሴን እጽፋለሁ። ስጽፈው ይወጣልኛል፣ መልሼ ሳነበው ያስቀኛል። ከዚህ በላይ ምን ያደርግልኛል? ካሳተምከው ደግሞ ደቅሲሳን መቀየር አለብኝ፤ እትዬ ኑኃሚንን መቀየር አለብኝ። እንደገና ለሰው መጻፍ ልጀምር ነው።»

ገመቺስ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላም ይመጣ ነበር፤ ስለማሳተም ግን አላነሳም።

እኔ ጋሼን ካኮረፍኩ አንድ ወር አልፎኝ ነበር። በሰው ፊት ፊደል አልለየችም ብለውኛል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳችን ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ።

«ክሰሺኝ» አሉ።

ከሰስኳቸው እንጂ። ግማሹን በቁቤ፣ ግማሹን በፊደል፣ አንድ ገጽ ሙሉ። ጆሯቸው ውስጥ ፀጉር አለ፣ ቆሎ ሲሰጡ በጣት ቆጥረው ነው፣ ኤክስን አያውቁም፣ አባቴን ዕድሜ ልክ አስፈርደውበታል፣ ከሁሉ በላይ ግን ውሸታም ናቸው። እያነበቡ ሦስተኛው መስመር ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ማኅተሙ የት ነው የሚመታው፣ ለየትኛው ዳኛ ነው የሚሰጠው እያልኩ እነዘንዛለሁ።

«ለማንም አይሰጥም። አሁን ሆድሽ ውስጥ ምን አለ?»

ሆዴን ፈተሽኩ። ንዴቱ የለም። «ራበኝ» አልኳቸው።

ዳቦ ቆረሱልኝ። ፊደሉን ቀጠልን። ግን አንድም ቀን፣ ያን ቀን ትክክል ነበርሽ አላሉኝም። ስለዚህ አመንኳቸው። አምስተኛ ክፍል አማርኛ ስንጀምር ጸ በመጣ ቁጥር እቆማለሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ጸ ያለበት ቃል ሲያጋጥመኝ ሁለቴ አያለሁ። ገና ፊደል አልለየሁም ማለት ነው፣ እላለሁ በሆዴ።

ጋሼ ወንድይራድ የሞቱት በሁለት ሺህ ስምንት ጥር ላይ ነው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ መቱ ተመልሻለሁ። የእህታቸው ልጅ ከጎሬ መጥታ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊልን አለችኝ። ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ። መቼ እንደተወለዱ፣ የት እንደሠሩ፣ ሰው አክባሪና ታታሪ እንደነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ተነበበ፤ ሰው ከንፈር መጠጠ። አባቴ ሽምግልናውን በዕድሜ ለቆ፣ ከዘራ ይዞ ቆሟል። ከቀብር ስንመለስ አስፋልቱን ይዘን በዝግታ ሄድን።

«የጻፍሽው ጥሩ ነው» አለኝ። «ሰውየውን ግን አላገኘሁትም። ጠጁ የት አለ?»

«የምን ጠጅ?»

ቆመና አየኝ፤ የምቀልድበት መስሎታል። ከዚያ ነገረኝ። ስድስት ዓመት አንድም የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ አልተነበበም ነበር። ማሩ ከሁሩሙ፣ ጌሾው ከጓሮ፣ ጥንሰሳው የጋሼ። ምዕራፍ የሚባለው ብርሌ ነው፤ ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት። ያን እሑድ ወንድይራድ እንደተጻፈው ቢያነበው ኖሮ እሱ ከድግምቱ ነጻ ይወጣል፣ አባቴ ግን ከቸርቹ ይባረራል። «ለእኔ ብሎ ሁለት ወር ከሴቶች ጋር አጨበጨበ» አለ። «የገዛ ማኅበርተኞቹ ጴንጤ አሉት። አንቺ ደግሞ ወር ሙሉ አኮረፍሽው፤ ከሁሉም የከበደው የአንቺ ነበር።»

«እና ጠጅ ነው የሚለው?»

«ጠጅ ነበር፣ ኢብሴ ኮ፣ የኔ ልጅ። በትክክል ነው ያነበብሽው።»

አሥራ አራት ዓመት። መሐል አስፋልት ላይ፣ የሐዘን ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ከኋላችን የሚመጡ ለቀስተኞች ገረመሙኝ፤ አንዷ ሴትዮ ሐዘኑ ጎድቷት ነው ስትል ሰማሁ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። አባቴ በከዘራው አፌን ጠቆመ፤ ይሄ ባይኖር ኖሮ እነግርሽ ነበር አለ። እሱም መሳቅ ጀመረ፤ ደግፌ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። እዚያው ተቀምጦ ስለ ጎሬዋ በቅሎ አነሳና አለቀሰ።

ቤት ስንደርስ ገና አስር ሰዓት አልሞላም። ክፍሌ ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና የጋሼ ወንድይራድን የሕይወት ታሪክ እንደገና ጻፍኩ፤ በፊደል፣ አሥራ ዘጠኝ ገጽ። ሰደብኳቸው፣ ከሰስኳቸው፣ ሁለት ቦታ ላይ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ እናቴ በበሩ ክፍተት ብቅ ብላ አይታኝ ምንም ሳትል ሄደች። ማንም አላነበበውም። ጠጅ የሚለው ቃል አሥራ አራት ቦታ ገባ፤ አንዱንም አልቀየርኩም።